ከላይ የተጨመረችው መስመር

የዚያን ማክሰኞ ጠዋት እናቷ የሺአረግ እንቁላሉን ለዘርፌ ሰጠቻት። በቤቱ ያለችው ዶሮ አንዲት ናት፤ በየሁለት ቀኑ የምትጥለውን እንቁላል የሚበላው ታናሽ ወንድሟ ቢተው መሆኑ ሳይነገር የጸና ሕግ ነበር። የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ወንድ ነው፤ ቀጭን ነው። ሱቅ ውስጥ አንዱ እንቁላል ሃያ ሳንቲም ከገባ ወዲህ ደግሞ ሕጉ ይበልጥ ጠብቋል። ስለዚህ እንቁላሉ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ተነስንሶበት በትንሿ ሳህን ፊቷ ሲቀመጥ ዘርፌ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። የሺአረግ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ታጥብ ነበር። «ብዪ፤ ሥራ ይበዛብሻል» አለች ሳትዞር። ቢተው ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጦ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ይበላል፤ እንቁላሉን አንድ ጊዜ አየው፤ ከዚያ ዳቦውን አየ። ከተቀመጠበት አልጋ ሥር ባለ ማሰሪያ አረንጓዴ ሻንጣ አለ። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ሳሙናና በላስቲክ የታሰረ በሶ ይዟል። ሻንጣው የተዘጋጀው ባለፈው ዓርብ ነው። እሑድ በቀበሌው አዳራሽ ለብሔራዊ ውትድርና የተጠሩት ልጆች ስም ሲነበብ ቢተውም እናቱም ቆመው ሰሙ፤ የቢተው ስም አልተነበበም። ሐኪሞቹ ብቁ ነው ብለውት ነበር። ከእሑድ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ በቤቱ ውስጥ የተነፈሰ ሰው የለም፤ ሻንጣውንም የፈታው የለም።

ዘርፌ እንቁላሉን ለሁለት ገምሳ ግማሹን ለቢተው ልትሰጥ ስትል ነው ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤታቸው የእትዬ ወርቄ ድምፅ የተሰማው። ሁለቱን ቤቶች የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። በወዲህ በኩል ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ በወዲያ በኩል ደግሞ እትዬ ወርቄ ስኳርና ሳሙና የሚቸረችሩባት የትንሿ ሱቃቸው መደርደሪያ ተደግፎበታል። ስለዚህ በአንዱ ቤት የወደቀ ማንኪያ በሌላው ቤት ይሰማል። እትዬ ወርቄ እየጮኹ አልነበረም። ዕቃ ለመሸጥ በሚናገሩበት በዚያው ድምፅ ነበር የሚናገሩት፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

«ሦስት ሐኪም የፈረመበት ነው። ማኅተሙን እየው። ግራ ዓይኑ አያይም፤ ገና በአራት ዓመቱ ኩፍኝ ያጠፋበት ነው። ቀሪ ነው ብለው የጻፉት እነሱ ናቸው፤ እኔ አልጻፍኩት!»

«እናቴ፣ ወረቀቱን ያስቀምጡት» አለ የወንድ ድምፅ። የቀበሌው ጥበቃ መሆን አለበት። «ዝርዝሩ በኮምፒዩተር የመጣ ነው። ሰው ቢጽፈው ኖሮ ተበድዬ ነው ይሉ ነበር። ኮምፒዩተር ወገን የለውም። በል ሱልጣን፣ ጫማህን አጥልቅ።»

ቢተው ማኘኩን አቆመ። የእትዬ ወርቄ ልጅ ሱልጣን ኑሪ አብሮ አደጉ ነው። ኳስ ሲጫወቱ ሱልጣን ሁልጊዜ በግራ መስመር ይቆም ነበር፤ በማያየው ዓይኑ በኩል የሜዳው ጠርዝ እንዲሆንና ሰው እንዳይመጣበት። «ወጥቼ ልየው» ብሎ ተነሣ። እናቱ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አድርጋ በሩ ላይ አቆመችው። ዘርፌም ተነሥታ ነበር። «ተቀመጪ፤ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል» አለቻት። አንድ አውሮፕላን ከጣሪያቸው በላይ አለፈ። ለአውሮፕላን ማረፊያው በጣም ቅርብ ስለሆኑ፣ የሰፈሩ ሰው አውሮፕላን ሲያልፍ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ አቁሞ፣ ካለፈ በኋላ ካቆመበት መቀጠልን ከሕፃንነቱ የለመደ ነው። ድምፁ ሲርቅ ግን ከግድግዳው ወዲያ የቀጠለ ሰው አልነበረም። ሱልጣን ተወስዷል።

ዘርፌ ስትወጣ እናቷ እስከ በሩ ሸኘቻት፤ ይህም ልማዷ አይደለም። የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለችላትና ጆሮዋ ሥር፣ «የሠራሽውን እግዚአብሔር ይክፈልሽ። ለማንም አልተነፍስም» አለቻት።

እንቁላሉ የምን እንደሆነ የገባት ያኔ ነው። እናቷ የቢተውን ስም ያስቀረችው ዘርፌ መሆኗን አምናለች። ቀበሌዎቹን ያቀፈው የከፍተኛው ዝርዝር የተዘጋጀው ዘርፌ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ነው፤ ከፕሮግራም ሠራተኞች የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ ታዲያ ሌላ ማን ያስቀረዋል? ዘርፌ ግን ዝርዝሩን አልነካችም። የወንድሟን ስም ነካካች እንዳትባል ፈርታ፣ ዝርዝሩ ሲሠራ ከማሽኑ አጠገብ እንኳ አልደረሰችም ነበር። የአውቶቡሱን ዐሥራ አምስት ሳንቲም በመዳፏ ጨብጣ ፌርማታው ላይ ስትቆም ነገሩን እንደ ሒሳብ በልቧ ደረደረችው። ሱልጣን መቅረት ነበረበት፤ ተጠራ። ቢተው መጠራት ነበረበት፤ ቀረ። ዝርዝሩ በቤት ቁጥር ቅደም ተከተል የተሠራ ነው። የሱልጣን ቤት አራት መቶ ዐሥራ አንድ ነው፤ የነሱ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት። አውቶቡሱ ደርሶ ሰው እየተጋፋ ሲገባ እሷ ቆማ ቀረች። በቀጣዩ ነው የሄደችው።

መሥሪያ ቤቱ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ የኮምፒዩተሩ ክፍል ከላይ ነው። ማሽኖቹ እንዳይሞቁ ክፍሉ ቀኑን ሙሉ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ ሴቶቹ በጥር ፀሐይ ጋቢ ደርበው ይቀመጣሉ። «ሬሳ ማቆያ ነው ይሄ፤ ልዩነቱ እዚህ ሬሳው ደመወዝ መብላቱ ነው» ትላለች ጸሐፊዋ አልማዝ በየጠዋቱ፣ እጆቿን በሻይ ብርጭቆ እያሞቀች። ዛሬም አለች። ዘርፌ አልሳቀችም። ከመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ መደገፊያው ላይ ቡናማ ኮት ተሰቅሏል። የተወልደ ኮት ነው። አማርኛ የሚጽፈውን ፕሮግራም የሠራው ተወልደ ነበር። ኅዳር ላይ ሁለት ሰዎች መጥተው «ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሃለን» አሉትና ኮቱን ሳይለብስ ወጣ። አምስት ደቂቃዋ ሁለት ወር አለፋት። ኮቱን ያነሣ የለም፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠም የለም። ጽዳቷ ብቻ ትከሻውን በጨርቅ ታራግፍለታለች።

«አልማዝ፣ የከፍተኛውን ዝርዝር ምልክት ያደረግሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«ማን ይሆናል ታዲያ? ስልሳ ሦስት ኮከብ። ጣቴ እስኪደነዝዝ።»

«ኮከቡን ስታደርጊ በትክክለኛው ስም ላይ ያርፍ ነበር?»

አልማዝ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እኔ ዓይን የለኝም እንዴ? መስተዋቱ ላይ እያየሁ ነው ያደረግሁት። ምነው?» ስክሪኑን መስተዋት ነበር የሚሉት። ሐኪሞች ቀሪ ነው ያሉት ሰው ስም ላይ ጠቋሚዋን ያደርሷታል፤ አንድ ቁልፍ ይጫናሉ፤ ከስሙ ፊት ኮከብ ይበራል። ኮከብ የሌለው ይጠራል፤ ኮከብ ያለው ይቀራል። ሥራው ይኸው ነው። ገጹ ሲሞላ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ፤ ወደ ኋላ የሚመለስ የለም። ወረቀቱ ሲታተም ደግሞ ማንም እንዳያነበው ፊቱ ተገልብጦ ይታጠፍና ይታሸጋል።

ዘርፌ ማሽኗ ፊት ተቀምጣ በውትድርና ሰነድ መልክ አዲስ ገጽ ከፈተች። በሰው ስም መሞከር ስላልደፈረች የወራትን ስም ጻፈች፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። ጠቋሚዋን ኅዳር ላይ አድርጋ ቁልፉን ተጫነች። ከኅዳር ፊት ኮከብ በራ። አከማችታ፣ ዘግታ፣ አተመችው። ፕሪንተሩ እንደ ሁልጊዜው እየተንጫጫ ወረቀቱን አወጣ። ኮከቡ ታኅሣሥ ፊት ነበር።

ወረቀቱን ይዛ ተነሥታ፣ በዚያ ክፍል ማንም ያላደረገውን አደረገች፤ ኮቱ ወደ ተሰቀለበት ወንበር ሄዳ የተወልደን መሳቢያ ከፈተች። ባለ ካሬው ደብተር እዚያው ነበር። ፈታሾቹ የወሰዱት መጻሕፍቱን ነው፤ ቁጥር የበዛበት ደብተር ምንም አልመሰላቸውም። የእጅ ጽሑፉ ደቃቅና ቀጥ ያለ ነው። በመጨረሻው ገጽ፣ ኅዳር ዐሥራ ሁለት በሚል ቀን ሥር እንዲህ ይላል፦ «ጠቋሚዋ የት እንዳለች የሚናገረው ክፍል ከመስተዋቱ ጠርዝ ጀምሮ ይቆጥራል። ምልክት የሚያደርገው ክፍል ግን ከጽሑፉ የመጀመሪያ መስመር ይቆጥራል። ዛሬ ሁለቱ ስለሚገጣጠሙ ስሕተቱ አይታይም። ከላይ አንድ መስመር የተጨመረ ዕለት ይለያያሉ። አቆጣጠራቸውን አንድ ማድረግ አለብኝ።» በኅዳር ዐሥራ አራት ነው የወሰዱት።

መስመሯን የጨመረችው ዘርፌ ናት። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ኃላፊው ጓድ ኃይለሚካኤል፣ ማንኛውም የውትድርና ሰነድ መስተዋቱ ላይ ሲከፈት ከአናቱ «ጥብቅ ምሥጢር» የሚል መስመር እንዲታይ አዘዙ። አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀባት። ጽሑፉን አንድ መስመር ዝቅ አድርጋ ከላይ ሁለቱን ቃላት ተከለቻቸው፤ ጓድ ኃይለሚካኤልም በስብሰባ መሐል ስሟን ጠርተው አመሰገኗት። አንዱ ቆጣሪ የተጨመረችውን መስመር ቆጠራት፤ ሌላው አልቆጠራትም። ከዚያ ወዲህ አልማዝ ዓይኗ እያየ ያስቀመጠችው እያንዳንዱ ኮከብ፣ መስተዋቱ ላይ በቦታው እየበራ፣ መዝገቡ ውስጥ ግን አንድ ስም ወርዶ ሲወድቅ ከርሟል። ከአንድ በር ወደ ቀጣዩ በር። ከስልሳ ሦስት ቤት ወደ ስልሳ ሦስት ጎረቤት።

እርማቱ አንድ ቁጥር መቀነስ ብቻ ነበር፤ ወዲያው ሠራችው። የወራቱን ስም እንደገና አተመች፤ ኮከቡ ኅዳር ላይ አረፈ። የቀረው ዝርዝሩን እንደገና ምልክት ማድረግ ነው። አልማዝን ጠርታ በሹክሹክታ ነገረቻት።

«እኔን ነው የሚሉት። ጣቷ ነው፣ ሆን ብላ ነው፣ ገንዘብ በልታ ነው ይላሉ። የሁለት ልጆች እናት እኮ ነኝ፣ ዘርፌ!»

«ጥፋቱ የኔ ነው። እንደዚያ ብዬ ነው የምናገረው።»

«እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ቤት ተነግሮ ያውቃል?» አልማዝ ዓይኗ ሳታስበው ወደ ቡናማው ኮት ሄደ። ግን የሐኪሞቹን ወረቀት ከሳጥኑ አወጣችና ከጎኗ ተቀመጠች። መኪናዎቹ ነገ ማለዳ እንደሚነሡ ሁለቱም ያውቃሉ።

አልማዝ ታነባለች፤ ዘርፌ ኮከብ ታደርጋለች። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ምክንያት። እግሩ ያጠረ። የሚጥል በሽታ ያለበት። የልብ ሕመምተኛ። ዘርፌ ከዚህ በፊት ሰነዱን እንደ መስመር እንጂ እንደ ሰው አስባው አታውቅም፤ አሁን በየመስመሩ አንድ ልጅ ከነሕመሙ ይመጣና ይቀመጣል። ረፋዱ ላይ አልማዝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አራት መቶ ዐሥራ አንድ፤ ሱልጣን ኑሪ፤ ግራ ዓይን» አለች። ጠቋሚዋ በሱልጣን ስም ፊት እየበራች እየጠፋች ቆመች። ከሥሩ ያለው ስም ቢተው መኩሪያ ነው። አልማዝ ወደ መስተዋቱ ጠጋ ብላ አነበበችው።

«መኩሪያ... ወንድምሽ ነው እንዴ?»

«ነው።»

አልማዝ ወደ በሩ አየች። «አንቺ ሞኝ! እሱን እንዳለ ተይዋ። አንድ ኮከብ ማን ይቆጥራል?»

«ግርጌው ላይ ድምሩ አለ። ስልሳ ሦስት። ለቢተው ላስቀርለት ካልኩ ከአንዱ መንጠቅ አለብኝ።»

«ንጠቂያ! ከማታውቂው ንጠቂ!»

ዘርፌ ከጧት ጀምሮ በልቧ የያዘችው ሌላ ስሌት ነበር። የታረመ ሰነድ የሚወጣው በማግስቱ ጠዋት በሚሄደው ፖስታ ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። እሷ ዛሬ ማታ ቤት ትደርሳለች። ቢተው አረንጓዴውን ሻንጣ ይዞ ሌሊቱን ሳይጠብቅ፣ ገና ሲመሽ፣ ወደ ዝዋይ፣ አጎታቸው ዘንድ ይሄዳል። የእሱ ስም ቀበሌ ሲደርስ እሱ አይኖርም። ሱልጣንም መኪናው ሳይነሣ ይመለሳል፤ ለዚያ ፖስታውን ቀድማ ራሷ ይዛ ትሮጣለች። ሁለቱም ይድናሉ። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ሠርታው ሦስቴም ወጥቶላታል። ቁልፉን ተጫነች፤ ኮከቡ ሱልጣን ፊት በራ። ከዚያ አንድ መስመር ወርዳ የወንድሟን ኮከብ አጠፋችው።

ጓድ ኃይለሚካኤል ከስብሰባ የተመለሱት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ክፍላቸው ይሞቃል፤ ስልክ ያለውም እዚያ ብቻ ነው። ሁለቱን ዝርዝሮች፣ የድሮውንና የታረመውን፣ ጎን ለጎን አስቀመጠችላቸው። የወራቱንም ወረቀት አሳየቻቸው። የጨመረችው መስመር፣ ሁለቱ ቆጣሪዎች፣ አንድ ስም መውረዱ፤ ሁሉንም ሳትሸራርፍ ተናገረች። ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው በክራባታቸው ጫፍ እየወለወሉ ሰሟት። አላቋረጧትም። ቁጡ ሰው እንዳልሆኑ ሁሉም ያውቃል፤ ተወልደን ሊወስዱ ለመጡትም ሻይ አዝዘውላቸው ነበር።

«ስንት ነው ያልሽኝ?»

«ስልሳ ሦስት፣ ጓድ።»

«መሄድ ሲገባው ቤቱ የተቀመጠ ስልሳ ሦስት ሰው።» ይህን በፊታቸው ባለው ወረቀት ላይ ጻፉት።

«መሄድ ሳይገባው የተጠራም ስልሳ ሦስት ነው፣ ጓድ።»

ይህን አልጻፉትም። ብዕራቸውን ዘጉ። «ዘርፌ፣ አስቢው እስቲ። አንድ የተጠራ ልጅ ዛሬ ማታ ቤቱ ቢመለስ ጎረቤቱ ምን ይላል? ዝርዝር ይሳሳታል ይላል። ነገ ሁሉም ወረቀት ይዞ ይመጣል። የሄደው ሄዷል፤ ማሠልጠኛውም ሐኪም አለው፤ እዚያ ያዩታል። ይህ ግን...» የታረመውን ዝርዝር በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ «ይህ ተጨማሪ ዝርዝር ነው። ያልተጠሩት ይጠራሉ።»

«ጓድ፣ ሐኪሞቹ ፈርመዋል እኮ። አንዱ ዓይኑ አያይም።»

«አንዱ ዓይኑ ያያል ማለት ነው።» ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። «ቢተው መኩሪያ። ዝምድና አላችሁ?»

«ወንድሜ ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው በደንብ አዩአት። ፊታቸው ላይ ያየችው አክብሮት ነበር፤ ከቁጣ ይልቅ ያስፈራት እሱ ነው። «እንግዲህ ይህን እርማት የሚጠረጥር አይኖርም። ስምሽ ከግርጌው ይሁን። አራሚ ዘርፌ መኩሪያ። ሠራተኛ እንዲህ ነው።» ከዚያ ስልኩን አንሥተው ሾፌሩን ጠሩ።

«ፖስታው ነገ አይደለም እንዴ፣ ጓድ?»

«መኪናው ነገ ማለዳ እየተነሣ? አሁን ይሄዳል። ልጆቹን ዛሬውኑ ይሰብስቧቸው።» ስትወጣ መልሰው ጠሯት። «የወራቱን ወረቀት እዚሁ ተዪው። ደብተሩንም።»

ስለ ደብተሩ አልነገረቻቸውም ነበር። ከጋቢዋ ሥር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ሰውየው ሳይገልጡት መሳቢያ ውስጥ ከተቱትና ቆለፉበት።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። የግቢው በር ተዘግቷል። ዘበኛው ወንበሩን በሩ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ዝርዝር የታተመ ቀን ሰነዱ ከሚላክበት እስኪደርስና የሥራ ሰዓት እስኪያበቃ ድረስ ሠራተኛ አይወጣም፤ ይህን ሕግ ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት። ፖስታው የነገ ነው ብላ ስለነበር ከስሌቷ ውስጥ አላስገባችውም። «እናቴ ታማለች» አለችው። «ይማርልሽ» አለ ዘበኛው ከልቡ፣ «ግን ራስሽ ታውቂዋለሽ። አንቺን ባስወጣ ነገ እኔን ነው።» ላንድሮቨሩ ከኋላዋ መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። ዘበኛው በሩን ከፍቶ አሳለፈውና መልሶ ዘጋው። ታርጋውን እያየች ቆመች፤ ወደ ሰፈሯ ነበር የታጠፈው። ላይ ስትመለስ አልማዝ ምንም ሳትጠይቃት ሻይ አቀረበችላት። ሁለቱም ሳይጠጡት ቀዘቀዘ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ሲከፈት አውቶቡስ አልጠበቀችም። የቦሌ መንገድ ለእግረኛ ረጅም ነው። ለአንዱ እንግዳ ተብሎ ሰሞኑን የተሰቀለ ባንዲራ በየምሰሶው ይርገበገባል፤ ነፋሱ አቧራ አንሥቶ ዓይኗ ውስጥ ይጨምራል። ግራ ዓይኗን ጨፍና ጥቂት እርምጃ ሄደች። የመንገዱ ግራ ጠርዝ ጠፋ፤ ከዚያ በኩል የመጣ ብስክሌት ትከሻዋን ታክኮ ሲያልፍ ነው ያወቀችው። ዓይኗን ገለጠችና መሮጥ ጀመረች። ሰው ዞር ዞር እያለ አያት፤ በዚያ ዘመን ሰው ወደ ቤቱ የሚሮጠው በምን ምክንያት እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ ማንም አልጠየቃትም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ደረሰች። ከሁለቱ ቤቶች ፊት ባለችው ጠባብ ግቢ፣ የጋራዋ ቧንቧ አጠገብ፣ እናቷና እትዬ ወርቄ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ወርቄ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ነው የዋሉት። ባለ ማኅተሙ ወረቀት እንዳለ ጭናቸው ላይ ነው፤ እንዳይታጠፍ በሁለት እጃቸው ይዘውታል። የእነ ዘርፌ ቤት በር ክፍት ስለሆነ እሷ ከቆመችበት የአልጋውን ሥር ማየት ትችላለች። አረንጓዴው ሻንጣ የለም። ወለሉ ላይ ቦታው ብቻ፣ ጠቆር ብሎ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል።

«መጣሽ ልጄ?» አሉ እትዬ ወርቄ። «በዘጠኝ ሰዓት መጡ። ብዙ ልጅ ነው የሰበሰቡት። መኪናው ሳይሞላ ቀርቶ ነው መሰለኝ።»

እናቷ ቀና አላለችም። ጣቶቿን እያየች፣ በዝግታ፣ ለሌላ ሰው እንደምትናገር፣ «የቀበሌው ሊቀመንበር ዝርዝሩን ከነግርጌው ስም አነበበልኝ» አለች። «አንድ ጊዜ አልሰማሁትም ብዬ ድገመው አልኩት። ደገመው።»

ዘርፌ አፏን ከፈተች። መናገር የነበረባት ብዙ ነው። ሱልጣን ሊመለስ ነበር። ቢተው ወደ ዝዋይ ሊሄድ ነበር። ዝርዝሩ ተሳስቶ ነበር፤ እሷ ናት ያሳሳተችው፤ እሷ ናት ያረመችው። የትኛው እንደሚቀድም ስታስብ አውሮፕላን መጣ። ዝቅ ብሎ፣ መብራቱን አብርቶ፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ እያንቀጠቀጠ መጣ። ሦስቱም እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው እስኪያልፍ ጠበቁ። ዶሮዋ ከቧንቧው ሥር ወጥታ ወደ ቤት ገባች። ድምፁ ርቆ ሲጠፋ ዘርፌ የጀመረችው ዓረፍተ ነገር ስላልነበረ የምትቀጥለው አጣች።

የቀጠሉት እትዬ ወርቄ ናቸው። እጃቸውን ከወረቀቱ ላይ አንሥተው በየሺአረግ ጉልበት ላይ አሳረፉት።

«አይዞሽ የሺ፤ እኔ ከጧት ይልቅ አሁን ቀሎኛል። አላህ ልጄን ብቻውን አልላከውም። ቢተውን ሲወስዱት ተከትዬ እስከ አዳራሹ ሄጄ ነገርኩት፤ ልጄ፣ ሱልጣን በግራ በኩል የሚመጣውን አያይም፣ ሁልጊዜ በግራው ቁምለት አልኩት። እሺ እትዬ ወርቄ፣ በግራው እቆማለሁ አለኝ።»